ሁለት አህጉር በአንድ መዘውር

ሰው ራሱን ሊቅ ብሎ ለመሾም ብዙ ነገር አያስፈልገውም። አንድ የመስታወት ሣጥን፣ አንድ መዘውርና ጥያቄ መጠየቅ የሚያፍሩ ተማሪዎች ካገኘ ይበቃዋል። እኔ ሦስቱንም አግኝቼ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የድንጋይ ሙዚየም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ አህጉር ከአህጉር ሳጋጭ ኖርኩ። መደቤ የጥበቃ ነው፤ አነጋገሬ ግን የዲን ነበር።

ሣጥኑን ላስተዋውቃችሁ። ርዝመቱ የአንድ ሰው አልጋ ያህላል፤ ሁለቱ ጎኖቹ መስታወት ናቸው። ውስጡ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር አሸዋ በተራ በተራ ተነጥፎበታል። የግራው ግማሽ አንድ አህጉር ነው፣ የቀኙ ሌላ አህጉር። በግራው ጫፍ የቆመው ጣውላ በመዘውር ይገፋል፤ መዘውሩ በዞረ ቁጥር ጣውላው አሸዋውን እየነዳ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አሸዋውም መግቢያ ሲያጣ ተራራ ይሆናል። ምድር ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት የምትደክምበትን ሥራ እኔ ከሻይ ሰዓት በፊት እጨርሰው ነበር።

ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት ተወዳድሬ አይደለም። የተቀጠርኩት በር ጠባቂ ሆኜ ነው። የድሮው አስጎብኚ ጡረታ ሲወጡ የክፍሉ ኃላፊ «ሰው እስክናገኝ አንተ ታዞርላቸዋለህ» ብለው አንዲት ወረቀት ሰጡኝ። ሰው ሳይገኝ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ወረቀቷ ላይ ለጎብኚ የሚነገረው ሁሉ በታይፕ ተጽፏል። እኔ ደግሞ የንብረት አያያዝ አውቃለሁ ባይ ነኝ፤ እንዳትቀደድ ብዬ ወፍራም ካርቶን ላይ በሙጫ ለጥፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳት። በጀርባዋም እንደተጻፈባት ልብ ያልኩት ሙጫው ከደረቀ በኋላ ነው። የእውቀቱን ግማሽ በገዛ እጄ ለካርቶን አጉርሼ፣ በቀረው ግማሽ ማስተማር ጀመርኩ።

ከፊት ለፊት የተጻፈው ስለ ባሕር ወለልና ስለ አህጉር ነበር። የባሕር ወለል ከባድ ድንጋይ ስለሆነ ከአህጉር ጋር ሲገጥም ከሥር ገብቶ ይሰምጣል ይላል። አህጉር ከአህጉር ሲጋጭስ? እሱ በጀርባው ነበር፤ ጀርባው ደግሞ ሙጫ በልቶታል። እኔ ምን ቸገረኝ፣ መሬት መሬት ነው ብዬ ነገሩን በራሴ ጨረስኩት። «ሁለት አህጉር ሲጋጩ አንዱ ይሸነፋል» እላለሁ፣ ቀኝ እጄን ወደ ጣሪያው ዘርግቼ። «ተሸናፊው ይሰምጣል፣ ይቀልጣል፣ ይጠፋል። አሸናፊው ተራራ ሆኖ ይነግሣል።» ልጆቹ በጣም ይወዱታል። ጦርነት ያለበትን ነገር ማን ይጠላል።

ችግሩ ሣጥኑ አልስማማ አለኝ። መዘውሩን ሳዞር የሚሰምጥ የለም። ግራውም ቀኙም ይጨማደዳል፣ ይነባበራል፣ ይወፍራል፤ ከተራራው በስተጀርባ ደግሞ ሰፋ ያለ ምድር እንዳለ ከፍ ይልና አምባ ሆኖ ይቀመጣል። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥር ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ልብ ያለው ሰው «ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ልሆን እችላለሁ» ይላል። እኔ ሣጥኑ ተበላሽቷል አልኩ። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ገብቼ፣ አንድ ቆርቆሮ አጣጥፌ፣ ሻማ ቀብቼ፣ ከአሸዋው ሥር አዘንብዬ ሸጎጥኩበት። ከዚያ በኋላ የግራው አህጉር ሻማው ላይ እየተንሸራተተ ሥር መግባት ጀመረ። «ሣጥኑን ጠግኛለሁ» ብዬ ለኃላፊው አመለከትኩ፤ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ለሠራሁት ጥፋት ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ያለኝ ሰው ነኝ።

ተማሪዎቹ «ፕሮፌሰር መዘውር» ይሉኛል። ሲያሾፉብኝ መሆኑን ባለቤቴ ነች የነገረችኝ፤ እኔ ሹመት መስሎኝ ነበር። እሷ እንኳ «ይሄ ሰውዬ እቤትም መዘውር ይዞ ነው የሚገባው» እያለች ራት ላይ ታስቆመኛለች። ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። ለምን ቢሉ፣ አንድ እውነተኛ አድማጭ ነበረችኝ፤ ልጄ።

ልጄ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔው ጋ ትመጣለች። ሣጥኑ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ንግግሬን በቃሏ ይዛው፣ እጇን እንደኔ ወደ ጣሪያው ዘርግታ «ተሸናፊው ይሰምጣል» ስትል ሆዴ በደስታ ይሞላል። የቤታችን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በድንጋይ የተሞላውም በሷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሚሞላው ቅጽ ሦስት ምርጫ ይጠይቃል፤ እሷ በሦስቱም መስመር ላይ ያንኑ ጂኦሎጂ ጻፈች። መዝጋቢው «ሌሎቹስ?» ሲላት «ሌላ የለኝም» አለችው። አርባ አመልካች አለ፣ የሚወሰደው አሥራ ሁለት ነው። የቃል ፈተናውን የወደቀ ቦታ ወደተረፈበት ክፍል ይመደባል፤ ተመልሶ መፈተን የለም። ያን ሰሞን ልጄ እህል አልወርድላት ብሎ፣ ባለቤቴ ደግሞ እሷን እያየች አልበላ ብላ፣ በቤቱ ውስጥ የሚበላ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምን ያስፈራል፣ ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም እንዴ።

የቃል ፈተናው የሚሰጠው እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ተፈታኙ ከጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ላይ በአዳራሹ ካሉት ዕቃዎች የአንዱ ስም አለ፤ ተፈታኙ ዕቃው ፊት ቆሞ ለሦስት ፈታኞች ያስረዳል። ለአንዱ የባሕር ቅሪተ አካል ይደርሰዋል፣ ለአንዱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ሣጥኑ ከወጣ መዘውሩን የማዞረው እኔ ነኝ፤ እጀታው ኃይለኛ ስለሆነ የማያውቀው ሰው ከነካው አሸዋው ይናዳል።

በፈተናው ቀን ጠዋት ልጄ ሻይዋን ሳትነካ «አባዬ፣ ዛሬ እረፍት ብትወስድስ?» አለችኝ።

«መዘውሩን ማን ሊያዞረው?» አልኳት። በካፖርቴ አፍራ መሰለኝና የተተኮሰውን ለበስኩ። እናቷ «ተይው፣ እሱን ከዚያ ሣጥን የምትለዪው በፖሊስ ነው» አለቻት።

ሙዚየሙ በር ላይ የዩኒቨርሲቲውን አናጢ አገኘሁት። ለፈተናው ብለው ዕቃዎቹን እንዲፈትሽ አዘውት ኖሮ ትናንት ከሰዓት ሲሠራ ውሏል፤ አሁን የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ መውጣቱ ነው። ከብብቱ ሥር ቆርቆሮዬ ብቅ ብሏል።

«ይሄን ማነው ሣጥኑ ውስጥ የሸጎጠው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ይሄን ቆርቆሮ። ሻማ ሁሉ ቀብቶታል። ዕቃውን ከጥቅም ውጭ አድርጎት ኖሯል። አሁን በሠሪው ልክ መልሼዋለሁ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንጃ፣ የድሮዎቹ ይሆናሉ» አልኩት። አናጢው «ደንቆሮ ናቸው» ብሎ ሄደ። እኔም «በጣም» ብዬ ከኋላው ተስማማሁ።

ቆርቆሮውን የምመልስበት ጊዜ አልነበረም፤ ተፈታኞቹ ተሰልፈዋል፣ ፈታኞቹም ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ያሉት ፕሮፌሰሯ ናቸው። አጭር ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚጮህ ሰው አያስፈራኝም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው የሚያርደኝ። በግራና በቀኛቸው ሁለት ወጣት መምህራን ወረቀት ዘርግተዋል። እኔ መዘውሬን ይዤ ቆሜ ሣጥኑ እንዳይወጣ መለመን ጀመርኩ። ሰባት ሰው ገባ፣ ሰባት ሰው ወጣ፤ ሣጥኑን ያወጣ የለም። ስምንተኛዋ ልጄ ነበረች። ወረቀቱን አወጣች፣ ገለጠችው፣ አነበበችው፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ገና አፏን ሳትከፍት አወቅሁት።

ፕሮፌሰሯ «አህጉር ከአህጉር ሲጋጭ ተራራ እንዴት እንደሚሠራ አስረጂን» አሏት። ወደኔ ዞር ብለው «እርስዎ ቀስ ብለው ያዙሩ» አሉኝ።

ማዞር ጀመርኩ። ልጄ ግን መዘውሩን አየች፣ አሸዋውን አየች፣ እኔን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ጠፍቶባት መሰለኝና ቅንድቤን አንስቼ በይ እንጂ አልኳት። ከዚያ ጀመረች። ቃል ሳታስቀር የኔን ንግግር። «ሁለት አህጉር ሲጋጩ አንዱ ይሸነፋል...» ቀኝ እጇን ሳይቀር ወደ ጣሪያው ዘረጋችው። ደረቴ ተነፋ። እንዲያው ለአንድ አፍታ ቆርቆሮውንም ሁሉንም ረሳሁት።

«ተሸናፊው ይሰምጣል» ስትል መስታወቱን አየሁ። የሚሰምጥ የለም። ግራውም ቀኙም ተጨማዶ እየተነባበረ ይወጣል። ምናልባት በኃይል ብገፋው ይሰምጥልኝ ይሆናል ብዬ መዘውሩን አፈጠንኩት፤ ፕሮፌሰሯ «ቀስ» አሉኝ። አንደኛው ወጣት መምህር አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ሌላኛው መጻፉን አቆመ።

«ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሯ፣ «ይሄ የምትዪው የባሕር ወለል ነው። የባሕር ወለል ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል። አህጉር ቀላል ነው፣ እንደዚያ ሰምጦ አይቀርም። ሣጥኑንም እዪው፣ የሰመጠ አለ?»

«የለም» አለች ልጄ።

«ታዲያ ከየት ነው ያመጣሽው? ከመጽሐፍ ነው?»

ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

«ሰው ነው የነገረሽ?»

አሁንም ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ፕሮፌሰሯ «እሺ» ብለው እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ያን ጊዜ ነው ሃያ ሁለቱ ዓመት ባንድ ጊዜ የገባኝ። ሣጥኑ ትክክል ነበር። የተበላሸው ከመዘውሩ በዚህ በኩል ያለው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ በራሴ ትምህርት ከሄድን ተሸናፊው እኔ ነኝና መስመጥ ነበረብኝ፣ አልሰመጥኩም። ከተናገርኩ ፕሮፌሰር መዘውር እዚችው ላይ ያበቃል፤ ነገ ተማሪ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ልጄ ቦታ ወደተረፈበት ትወረወራለች። አባት አይደለሁም እንዴ፣ ያለማመንታት ተናገርኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አመነታሁ። እያመነታሁ መዘውሩን ሁለት ዙር አዞርኩት፤ ተራራው አንድ ጣት ጨመረ።

«ይቅርታ ፕሮፌሰር» አልኩ በመጨረሻ። «ቆርቆሮውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«የምን ቆርቆሮ?» አሉኝ።

አናጢው ለማንም አልተናገረም ነበር። ማንም ያልከሰሰኝን ወንጀል በገዛ አፌ አመንኩ ማለት ነው። ከጀመርኩ ወዲያ ምን አደርጋለሁ፣ ወረቀቷን፣ ሙጫውን፣ ካርቶኑን፣ ሻማውን፣ የምስጋና ደብዳቤውን ሳይቀር አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። «እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ልጄ ናት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ የሰማችው ይሄንኑ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እባካችሁ እሷን አትጣሏት።» ሲስቅ የነበረው መምህር አሁን አይስቅም።

ፕሮፌሰሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ጨረሱ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ማዞርዎን ይቀጥሉ።» ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ። «እንደገና ከመጀመሪያው። አሁን የራስሽን ንገሪኝ።»

ልጄ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ያዘቻቸው።

«በሁለቱ አህጉሮች መካከል መጀመሪያ ባሕር ነበር» አለች። «የባሕሩ ወለል ከአንደኛው አህጉር ሥር እየገባ ሰመጠ፣ ባሕሩም እየጠበበ ሄዶ ተዘጋ። ተራራ ጫፍ ላይ የባሕር ዛጎል የሚገኘው ለዚህ ነው። ከዚያ አህጉር ከአህጉር ገጠመ። አንደኛው ከሌላኛው ሥር ገባ ሊል ይችላል፣ ግን ቀላል ስለሆነ ሰምጦ አይጠፋም፤ ከሥር ሆኖ የላይኛውን ይሸከመዋል። ሌላው ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይነባበራል። ምድሩ የሚወፍረው ወደ ላይ ብቻ አይደለም፣ ወደ ታችም ነው። ከላይ የምናየው ተራራ ጥቂቱ ነው፤ ሥሩ ከሱ ይበልጣል።»

«ከተራራው ኋላ ያለው አምባስ? ለምን ከፍ ብሎ ደልዳላ ሆነ?»

«የወፈረው ምድር ከሥሩ እየሞቀ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ነገር ሾጣጣ ተራራ ችሎ አይዝም፣ ወደ ጎን ይንሰራፋል። ስለዚህ ላዩ ከፍ እንዳለ ይደላደላል።»

«ፍጥነቱስ?»

«በዓመት የሚጠጋጉት ጥፍራችን የሚያድገውን ያህል ነው። ግን ሚሊዮን ዓመቶች ሳያቋርጡ ይገፋፋሉ።»

እጄን በአፌ እንዳልጭን እጄ መዘውር ይዟል። የቆመው እስክሪብቶ እንደገና መሮጥ ጀመረ። ፕሮፌሰሯ «በቃ፣ አመሰግናለሁ» አሉ፤ ለሷ ይሁን ለኔ አላወቅሁም፣ እኔም አብሬ ማዞሬን አቆምኩ።

ከሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ዝርዝሩን በሩ ላይ ለጠፈች። ልጄ አሥራ አንደኛ ናት። ሦስት ጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት፤ ከኋላዬ ያሉት ተፈታኞች «አባባ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» እስኪሉኝ ድረስ። አሥራ ሁለተኛው ስም ላይ ስደርስ እሱንም የወለድኩት ያህል ደስ አለኝ።

ትምህርት ወስዶ የሚሻሻል ሰው አለ። እኔ ግን ከሙዚየሙ በር ሳልርቅ አገረሸብኝ። ለዋናው በር ጥበቃ «ሣጥኑን አንዴ አይታ፣ በአንድ እይታ!» አልኩት። አውቶቡስ ውስጥ ከፊታችን ለተቀመጡት የማላውቃቸው ሰውዬ ከወንበሬ ተጎንብሼ ታሪኩን እንደ አዲስ ጀመርኩላቸው። ፈታኞቹ ምን እንዳሉ፣ እሷ ቆማ አሸዋውን እያየች ሳይንሱን እዚያው እንዴት እንዳወጣችው። ሰውዬው ጨዋ ናቸው፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ልጄ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«በአንድ እይታ አይደለም፣ አባዬ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ታዲያ?»

«ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ።»

ቆጠርኩ። ሦስት ዓመት አለፈው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ መዘውሩን እያዞርክ አስረዳኸኝ።»

አላስታውሰውም። ባስታውሰው ይሻለኝ ነበር።

«እሺ ዛሬስ? እያወቅሽው፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት የኔን ወሬ ለምን ደገምሽው? ሊጥሉሽ እኮ ነበር። ሦስቱንም መስመር አንድ ነገር የጻፍሽ ልጅ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አጠገቤ መዘውሩን ይዘህ ቆመሃል» አለችኝ። «ቅንድብህን አንስተህ ትጠብቀኛለህ። እነሱ ፊት ‹አባቴ የሚያወራው ስህተት ነው› ልበላቸው? እኔ ብወድቅ የሚያስተምሩኝን ሌላ ነገር እማራለሁ። አንተ ግን ከዚያ ሣጥን ሌላ ምን አለህ?»

ከጠዋት ጀምሮ አፌ አልተዘጋም ነበር። አንቺ አለሽኝ ማለት ነበር፤ ሁለት ቃል ናት፣ መዘውርም አትፈልግም። አልወጣ አለችኝ። በተተኮሰው ካፖርቴ እጅጌ ፊቴን ሸፈንኩና አለቀስኩ። በዚያ ዕድሜዬ፣ በአውቶቡስ ውስጥ።

ከፊታችን ያሉት ሰውዬ ዞር አሉና «አባትሽ ምን ሆነው ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ምንም አልሆነም» አለቻቸው። «ደስ ብሎት ነው። እሱ ነው ያስተማረኝ።»